ጥልቁ ራሱ የሚቀርብበት ፈለግ

ዓሣ ለማጥመድ የሚነሣ ሰው ስለ መንጠቆውና ስለ መረቡ ከማሰቡ አስቀድሞ፥ የሚሻው ፍጥረት ከውኃው ገጽ ስንት ክንድ ዝቅ ብሎ እንደሚኖር ማወቅ ይገባዋል፤ ቅዱስ ጴጥሮስ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክም አድሮ ምንም ሳይዝ ከነጋበት በኋላ፥ መረቡን ወደ ጥልቁ እንዲያወርድ መታዘዙን ወንጌላዊው ሉቃስ የጻፈውን የሚያነብ ሰውም፥ ከተአምራቱ ጋር ይህን የአጥማጆች የዘወትር ጭንቅ ያስተውላል።

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚኖረው፥ ኋላም በሰው እጅ ወደ ግድብ ሐይቆች የገባው፥ ጎኑ በጥቋቁር መሥመሮች የተሸነተረው ባስ የተባለው ዓሣ ለዚህ ነገር ዋና ምሳሌ ነው። በሙቀት ወራት የሐይቁ ገጽ ሲግል ቀዝቃዛውን ውኃ ፍለጋ ይወርዳል፤ ከታች ግን በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን እያነሰ ስለሚሄድ፥ በላይኛው ግለትና በታችኛው እጦት መካከል ባለች ጠባብ ንብርብር ተወስኖ ይከርማል። ማታለያቸውን ከጀልባ ኋላ እየጎተቱ የሚያጠምዱት ሰዎች ወደዚያች ንብርብር ለመድረስ፥ አንዳንዶቹ በውስጡ እርሳስ የተሸመነበትንና ምን ያህሉ እንደ ወረደ ለመቁጠር እንዲመች በየ9 ሜትሩ ገደማ ቀለሙ የሚለዋወጠውን ክር፥ ሌሎቹ ደግሞ የብረት ሽቦ ይመርጣሉ። ከሁሉ ጠልቆ የሚወርደውና ልኩ በትክክል የሚታወቀው ግን በራሱ ገመድ የሚወርድ ከባድ የእርሳስ ድቡልቡል ነው፤ የአጥማጁ ክር በእርሱ ላይ በመቆንጠጫ ተይዞ ይወርድና ዓሣው በነከሰ ጊዜ ይላቀቃል። ጀልባው በፈጠነ መጠን ክሩ ወደ ላይ ስለሚነሣ ፍጥነትም እንደ መሣሪያ ይቈጠራል፤ እኔም ክብደት ጨምሮ ሩጫውን ያልገታ አጥማጅ ገንዘቡን በከንቱ አፍስሷል እላለሁ።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፥ በመተማ አካባቢ የሚፈሰው ሽንፋ ግን ይህን ሁሉ ድካም ራሱ የሚያቀል ፈለግ ነው። ሱዳን ሲገባ ራሃድ ተብሎ ወደ ዓባይ የሚወርደው ይህ ወንዝ፥ በክረምት ደፍርሶና ሞልቶ ሲጋልብ ከርሞ በበጋ ፍሰቱ ይቋረጥና እዚህም እዚያም የተነጣጠሉ ኩሬዎች ብቻ ይሆናል። ኩሬው በየሳምንቱ ሲጎድል የዓሣው መሸሸጊያ ይጠብባል፤ መሣሪያው ወደ ጥልቁ ከመውረድ ይልቅ ጥልቁ ወደ አጥማጁ ይቀርባል።

ይህን ምሥጢር የጥንት ሰዎች ያውቁት እንደ ነበር ያስረዱን በወንዙ ዳር ሽንፋ መተማ 1 ተብሎ በሚጠራው ሥፍራ የቈፈሩት ሊቃውንት ናቸው፤ ጥናታቸውም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በሱማትራ ደሴት ቶባ የተባለው ተራራ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ የተበተነው፥ ከጠጉር ውፍረት የሚያንስ የብርጭቆ ትቢያ እስከዚህ ቆላ ደርሶ በአፈሩ ንብርብር ተገኝቷል። የሰጎን ዕንቁላል ቅርፊት የያዘው የኦክስጅን ምልክት አየሩ ይበልጥ መድረቁን ሲመሰክር፥ ከእንስሳቱ ቅሪት መካከል 14 በመቶ የነበረው የዓሣ ድርሻ ከፍንዳታው በኋላ 52 በመቶ ደርሷል። እነዚያ ሰዎች አገሩ በደረቀ ጊዜ በረኃብ ከመበተን ይልቅ ወደ ጎደሉት ኩሬዎች ፊታቸውን መለሱ፤ ጥናቱም ይህ ኩሬ ከኩሬ እያሉ የመሄድ ልማድ የሰው ዘር በወንዞች ዳር ከአፍሪካ እንዲወጣ ረድቶ ይሆናል ይላል። ከዚያው የተገኙት ትንንሽ ባለሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች የቀስት ፍላጻ ሳይሆኑ አልቀሩም ተብሎ ተገምቷል፤ ግምቱ ከጸና በዓለም ላይ ከታወቁት ጥንታዊ የቀስት ማስረጃዎች አንዱ ይሆናል። ባለ ክብደት ክርና ባለ ድቡልቡል ገመድ በሌለበት ዘመን፥ የእነርሱ ዋነኛ መሣሪያ ወራቱን መለየት ነበረ።

በእንዲህ ያለ ኩሬ ጸንቶ የሚቈየው አምባዛ ከባሱ በባሕርይው ፈጽሞ የተለየ ነው። ከስንጥቡ በላይ አየር መተንፈሻ ብልት ስለ ተሰጠው፥ ውኃው በሞቀና በተጨናነቀ ጊዜ ወደ ጥልቁ በመሸሽ ፈንታ አየር ለመቅዳት ወደ ገጹ ይወጣል፤ ስለዚህ ለአምባዛ ከክብደት ይልቅ ጭቃውን ፈልጎ የሚያርፍ መንጠቆና ጠንካራ ክር፥ ወይም ታችኛው ጠርዙ በእርሳስ ከብዶ ላይኛው በተንሳፋፊ የተያዘ መረብ ይበቃል። በመረብ ምርጫም ጥልቀት ብቻውን አይበቃም፤ ዓይኑ የጠበበ መረብ ግልገሉን ሁሉ ያነሣል፥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃውን ማስከር ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ያወጣል። ብዙ ሰው ዓሣ የሚሻበት ዐቢይ ጾም ኩሬዎቹ ከሚያንሱበት ወራት ጋር ስለሚገጥም ፈተናው የሚበረታው ያን ጊዜ ነው፤ በዚያች በቀረችው ውኃ ውስጥ ያለው ዓሣ፥ ሰኔ ገብቶ ጎርፉ ኩሬዎቹን መልሶ ሲያገናኝ፥ ወንዙን በሙሉ የሚሞላው ዘር ነው።