የኋላው ባትሪ ለምን አይሞላም?

ከጋምቤላ ከተማ ተነስቶ ኢታንግ ወይም ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ለሚያድር መኪና አንድ ባትሪ አይበቃውም። የፊተኛው ሞተር ያስነሳል። ሁለተኛው ከኋላ፣ አለዚያም ተጎታቹ ላይ ተቀምጦ ለመብራት፣ ለመገናኛ ሬዲዮና ለማቀዝቀዣ ኃይል ይሰጣል። ማቀዝቀዣው ክትባት ከያዘ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል መቆየት ስላለበት፣ የባትሪው መድከም የምቾት ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ሁለቱንም ባትሪዎች ይሞላል። ሞተሩ ሲጠፋ በመካከላቸው ያለው ሪሌ ይለያያቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ቢበራም ጠዋት መኪናው ሳይገፋ ይነሳል።

ችግሩ ያለው ሽቦው ላይ ነው። ከፊት እስከ ኋላ 6 ሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 12 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት ባለ 2.5 ካሬ (ሚሊሜትር) የመዳብ ሽቦ 20 አምፔር ሲያልፍበት 1.7 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ያስቀራል። ከዲናሞው 14.4 ቮልት ቢወጣ ኋላ የሚደርሰው 12.7 ብቻ ነው፤ በዚህ ቮልቴጅ ደግሞ የአሲድ ባትሪ በወጉ አይሞላም። ያው መስመር ባለ 16 ካሬ ቢሆን ኪሳራው ወደ 0.26 ቮልት ይወርዳል። ሳይሞላ የሚከርም ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርና አቅሙን ያጣል። ባለቤቱም «ባትሪው ሞተ» ብሎ አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም በዚያው ሽቦ ይሞታል።

የጋምቤላ ሙቀት ጉዳቱን ያብሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። በተለመደው ስሌት ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 በጨመረ ቁጥር የአሲድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለተኛውን ባትሪ ሞተር አጠገብ ከማስቀመጥ ጥላና አየር ያለበት ቦታ መስጠት ይሻላል። ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣም የታፈነ ሳጥን አይስማማውም።

ሽቦው ሲቀየር ሦስት ነገሮች አይዘለሉም። በሁለቱም ባትሪዎች ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ይገባል፤ መጠኑም ሽቦው ሳይግል ከሚችለው አይበልጥም። ጫፎቹ ተጠምዝዘው በፕላስተር አይጠቀለሉም፤ በመጭመቂያ ይታሰራሉ። ኔጌቲቩም እንደ ፖዘቲቩ ወፍራም ይሁን፤ ዝገት በያዘ ሻንሲ ላይ መተማመን ያሳስታል። እንዲህም ሆኖ የአሲድ ባትሪ የመጨረሻውን ክፍል ለመሙላት ሰዓታት ይፈልጋል። አጭር መንገድ ለሚሄድ መኪና ጣሪያው ላይ የሚሰቀል ሶላር ቀሪውን ይጨርስለታል።

አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ኤሌትሪሻኑን አንድ ነገር ያስለኩት። የኋላው ባትሪ ጎድሎ ሞተሩ እየሠራ ሳለ፣ የፊቱንና የኋላውን ቮልቴጅ በቴስተር ያነጻጽር። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ገንዘብዎን መጀመሪያ ሽቦው ላይ ያውሉ።