ሽንት ሲቀላ ዝም አይባልም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምንሠራበት ግን ጥቂቶች ነን። ዛሬ ከሚደበቁት በሽታዎች ስለ አንዱ፥ ይኸውም ስለ ፊኛ ነቀርሳ ወይም ካንሰር፥ ለአንባብያን ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን።

በመካነ ሰላም አካባቢ፥ በቦረና ደጋ የሚኖር አንድ የስልሳ ዓመት ገበሬ እናስብ። አንድ ቀን ጧት ሽንቱ ቀልቶ ያያል፤ ሕመም ግን የለውም። በማግሥቱ ይጠራለታል። «ምች መትቶኝ ይሆናል» ብሎ ዝም ይላል። ለባለቤቱም አይነግራት፤ ነገሩ ከተሰማ «የዘር በሽታ ነው» ተብሎ የልጁ ጋብቻ እንዳይፈርስ ይፈራልና። እንግዲህ እርሱ ዝም ሲል ፊኛው ውስጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል እንመልከት።

ገላችን ከሕዋሳት የተሠራ ነው። በሕዋሳቱም ውስጥ የአካላችን መመሪያ የተጻፈባቸው ክሮሞዞም የሚባሉ ክሮች አሉ። ቁጥራቸው 48 ነው ሲባል ቈይቶ፥ ጆ ሂን ትጂዮና አልበርት ሌቫን የተባሉ ሊቃውንት በስዊድን አገር መርምረው 46 መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1956 አስታወቁ። ሕዋስ ለሁለት በተከፈለ ቍጥር ይህ ሁሉ መመሪያ ይገለበጣል።

ለማስረዳት ያህል፥ በብራና ላይ ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ እንውሰድ። የደከመው እንደ ሆነ አንዱን ገጽ ይዘላል፤ ሌላውን ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ከእርሱ ግልባጭ የሚቀዳው ደግሞ ስሕተቱን ወርሶ የራሱን ይጨምርበታል። በፊኛ ነቀርሳም የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጎድለው ከ9ኛው ክሮሞዞም ነው፤ በዚያ ላይ ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይራባ የሚገታ ልጓም ተጽፏል። ዕጢው ገና በፊኛው የውስጥ ገበር ላይ ሳለ፥ ሐኪም በሽንት ቧንቧ በሚያስገባው መሣሪያ ሊያነሣው ይችላል። ሁሉም እንዲህ ባይሆንም፥ ጊዜ ያገኘ ነቀርሳ ስሕተት በስሕተት ላይ እየጨመረ ይሄዳል። የ3ኛውና የ7ኛው ክሮሞዞም ቅጂ ይበዛል፤ በ17ኛው ላይ ያለው ሌላ ልጓም ይጎድላል፤ ነቀርሳውም ወደ ፊኛው ጡንቻ ይዘልቃል። ያን ጊዜ ሕክምናው እጅግ ይከብዳል።

ይህን መብዛትና መጉደል፥ በሽንት ከወጡ ሕዋሳት ላይ በሚያበራ ቀለም የሚቈጥር ምርመራ በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ2001 ተፈቅዷል። ነገር ግን ከመሣሪያው ሁሉ በፊት የመጀመሪያው ምስክር የሰውዬው የገዛ ዓይኑ ነው።

ለዚያ ገበሬ የምንነግረው ትልቅ ነገር አለ። እነዚህ ስሕተቶች በዕድሜ ዘመን በፊኛው ሕዋሳት ላይ የሚደርሱ ናቸው እንጂ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ አይደሉም። ስለዚህ ጋብቻ የሚያስፈርስ ምክንያት የለም።

ከበሽታው መነሻዎች ዋናው ሲጋራ ነው፤ የጭሱ መርዝ ከደም ተጣርቶ በሽንት ፊኛው ውስጥ ስለሚቈይ። ሉድቪግ ሬን የተባለው የጀርመን ሐኪም ደግሞ በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ በሽታውን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1895 ገልጿል። የሽንት ቢልሃርዚያም ሌላው መነሻ ነው። ትሉ ባገራችን በአዋሽ ሸለቆ ቆላ ስለሚገኝ፥ ከደጋ ወርዶ በዚያ በመስኖ እርሻ የሠራ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ሊነግር ይገባዋል።

እርግጥ ነው፥ የቀላ ሽንት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። የኵላሊት ጠጠርም፥ ሌላ የሽንት ቧንቧ በሽታም ያቀላዋል፤ ቀይ ሥር መብላት እንኳ ያቀላዋል። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ግን መርማሪው እንጂ በሽተኛው አይደለም። ደሙ በማግሥቱ መጥፋቱም በሽታው ለመዳኑ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ሽንቱ የቀላበት ሰው፥ አንድ ቀን ብቻም ቢሆን፥ ሕመምም ባይኖረው፥ በመካነ ሰላም ሆስፒታል ሽንቱን ያስመርምር። ሐኪሙ ወደ ደሴ ሂድ ያለው እንደ ሆነም በአቀስታ በኩል ያለው መንገድ ረዘመ ብሎ አይቅር። ገበሬው አረም በእርሻው ላይ ሲያይ ነገ ይጠፋል ብሎ አይተኛም። ለገላውም እንዲሁ ይትጋ እንላለን።