የውሃ መለኪያዋ የማትነግረን ነገር

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ የፈለጉትን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ማጣት ይከብዳል። በቅርቡ አንዲት ጎረቤቴ ከዚያ የተገዛች፣ እስክሪብቶ የምታክል የውሃ መለኪያ ይዘው መጡ። «ሲስተር፣ ቁጥሩ ከፍ አለብኝ፤ ይህን ውሃ ለልጅ ልጆቼ ልስጣቸው ወይስ ልተው?» አሉኝ። ጥያቄው የብዙ አያቶችና ወላጆች ስለሆነ መልሱን እዚህ ላካፍላችሁ።

ያቺ መለኪያ የምትናገረው በውሃው ውስጥ ስለሟሟው ጨውና ማዕድን ብቻ ነው። ድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ የምትጠጣ ከተማ ናት፤ ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው በአብዛኛው ይኸው ነው። የኮሌራን፣ የታይፎይድን ወይም የጃርዲያን ተሕዋሲ ግን መለኪያዋ አታይም። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ውሃም ልጅ ሊያሳምም ይችላል።

ተሕዋሲን ለማወቅ ምርመራው ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ፈጽሞ መገኘት የለበትም ይላል። ከተገኘ ውሃው ሰገራ ነክቶታል ማለት ነው። ችግሩ ባክቴሪያው በሙቀት ሣጥን ውስጥ እስኪራባ ድረስ አንድ ቀን ገደማ መጠበቅ ማስፈለጉ ነው። ውጤቱ እስኪደርስ ቤተሰቡ ውሃውን ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ኮሌራ ደግሞ ሕክምና ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ተመራማሪዎች በማግኔት የሚሠራና በእጅ የሚያዝ መመርመሪያ ለመሥራት የሚደክሙት ይህን ጊዜ ለማሳጠር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በዓይን የማይታዩ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች አንድን ተሕዋሲ ብቻ ለይቶ በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይለበጣሉ። ውሃው ውስጥ ሲገቡ ተሕዋሲው ላይ ይጣበቃሉ። ከዚያ ማግኔት ሲቀርብ ቅንጣቶቹ የያዙትን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ሌላው ቆሻሻ ይታጠባል። በመጨረሻ አንዲት ስስ ቺፕ የቅንጣቶቹን የማግኔት ኃይል ለክታ ምን ያህል እንደተገኘ ታሳያለች።

ቺፗ የምትሠራበት ክስተት ለታይዋን ነጋዴዎች እንግዳ አይደለም፤ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ቀደም ሲል መረጃ ያነብ የነበረው በዚሁ ነው። ክስተቱን ያገኙት አልበርት ፌርትና ፒተር ግሩንበርግ እ.ኤ.አ. በ2007 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

በማግኔት ተሕዋሲን መልቀሙ በትልልቅ የውሃ ላቦራቶሪዎች የቆየ ዘዴ ነው፤ ጃርዲያን የሚፈልጉት በዚህ ነው። ከነቺፑ በኪስ የሚያዘው ግን አብዛኛው ገና በምርምር ላይ ነው። ምክንያት አለው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለን አንድ ባክቴሪያ ማግኘት አሸዋ ውስጥ መርፌ እንደመፈለግ ነው፤ ጭቃውም ምርመራውን ያውካል፤ የሞተውን ከሕያው መለየትም ያስቸግራል። ስለዚህ «ጀርም በደቂቃ ያሳያል» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

መመርመሪያው ቢመጣ እንኳ የት እንደምንጠቀምበት ማወቅ አለብን። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተካሄደ የመጠጥ ውሃ ጥናት ናሙና ከምንጩም ከቤትም ተወስዶ ነበር። ቤት ውስጥ ያለው ውሃ ከተቀዳበት ይልቅ ተበክሎ ተገኘ። ቧንቧው ንጹሕ ሆኖ ጀሪካኑ፣ ጣሳው ወይም እጃችን ሊበክለው ይችላል ማለት ነው።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለውን እንጠቀም።

ውሃው ከደፈረሰ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ከዚያ አፍሉት፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ግን 3 ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር የምትጠቀሙ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጀሪካኑን በየጊዜው በሳሙና እጠቡ፤ ክዳን አይጥፋ። ጣሳ ከመንከር ይልቅ ገልብጣችሁ ቅዱ።

ልጅ ካስቀመጠው አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ደጋግማችሁ በትንሽ በትንሹ አጠጡ፤ ጡት የሚጠባ ከሆነ አታቋርጡ። ሰገራው የሩዝ ውሃ ከመሰለ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደከመ ኦአርኤሱን እየሰጣችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ነገ እናያለን አትበሉ።