አሮጌው ማጉያ ለምን ያጉረመርማል?

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ አንጋፋ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ከባድ ሣጥን በሁለት ወጣቶች አሸክመው ወደ ቤተ ሙከራችን ብቅ አሉ። ሣጥኑ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ፣ በቫኩም ቱቦዎች የሚሠራ የቤዝ ማጉያ ነበር። «ዶክተር፣ ይህ ነገር እኔ ሳልጫወት እሱ ይጫወታል» አሉን። እውነትም ጊታሩ ሳይሰካ ከስፒከሩ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይወጣ ነበር። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚመስላቸው ስንጠይቃቸው ጥቂት አዳመጡና «ከጂ ትንሽ ከፍ ይላል» ሲሉ መለሱልን።

ይህች አጭር መልስ የችግሩን እኩሌታ ፈትታው ነበር። የቤዝ ጊታር አራት ክሮች ሳይጫኑ ሲመቱ በሰከንድ 41.2፣ 55፣ 73.4 እና 98 ጊዜ ይርገበገባሉ። የመጨረሻው የጂ ክር ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር የሚፈሰው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ደግሞ ድግግሞሹ 50 ኸርዝ ሲሆን፣ እጥፉ 100 ኸርዝ ይሆናል። ይኸውም ከ98 በጥቂቱ ከፍ ይላል። ማጉያው በተወለደበት አገር ቢሆን ኖሮ መስመሩ 60 ኸርዝ ስለሆነ ጉርምርምታው 120 ኸርዝ ሆኖ በሌላ ኖታ ያዜም ነበር።

«ታዲያ ያን ድግግሞሽ በማጣሪያ ቆርጦ መጣል አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቻችን መነሣቱ አልቀረም። ለሌላ መሣሪያ ምናልባት ይቻል ይሆናል። በቤዝ ግን 50ም 100ም ኸርዝ የዜማው ማደሪያ ስለሆኑ፣ ጉርምርምታውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ሙዚቃውንም ይቆርጣል። ምንጩን ከማግኘት ሌላ መንገድ የለም።

የጆሮን ፍርድ በቁጥር ለማረጋገጥ እንግዳችን የጂን ክር እንዲመቱልን ለመንናቸው። ድግግሞሻቸው የተቀራረበ ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ፤ በመሆኑም ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ በሰከንድ የሚደጋገምበት ቁጥር የሁለቱ ድግግሞሽ ልዩነት ነው። እኛም የሰማነው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ነበር። 98 ሲደመር 2፣ 100 ነው። ኦሲሎስኮፑ የነገረን ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ለምን 50 ሳይሆን 100? ቱቦዎቹ የሚፈልጉት ከ400 ቮልት የሚበልጥ ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው። ይህን የሚያዘጋጀው ሬክቲፋየር ከዜሮ በታች የሚወርደውን የሞገዱን ግማሽ ገልብጦ ወደ ላይ ስለሚያነሣው፣ በሰከንድ 50 የነበረው ዙር 100 ግፊት ይሆናል። በግፊቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ካፓሲተር ነው። ሥራው ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ከሚሠራው ሥራ አይለይም፦ ሲመጣ ይሞላል፣ ሲቋረጥ ያቀብላል። ማጉያው 0.1 አምፔር ይወስዳል እንበል። በሁለት ግፊቶች መካከል ባለው አንድ መቶኛ ሰከንድ ውስጥ 0.001 ኩሎምብ ይቀዳል። ካፓሲተሩ 40 ማይክሮ ፋራድ ከሆነ ቮልቴጁ በ25 ቮልት ይወርዳል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ክፍተቱ ስለሚያጥር የሚወርደው 21 ቮልት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ አሮጌ ካፓሲተር በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየደረቀ ሲሄድ ሮቶው ይጠባል፣ መዋዠቁም ያድጋል። የእንግዳችንን ካፓሲተሮች አውጥተን ስንለካቸው ከተጻፈባቸው መጠን ሲሶው እንኳ አልቀራቸውም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስጠንቅቅ። ካፓሲተር ማጉያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ገዳይ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እኛ ማንኛውንም ነገር የነካነው በሬዚስተር ካራገፍነውና በቴስተር ዜሮ መሆኑን ካየን በኋላ ነው። ተማሪዎች ያለ መምህር እንዲህ ያለ ሣጥን እንዳይከፍቱ አደራ እንላለን።

ካፓሲተሮቹን ስንለውጥ ጉርምርምታው በእጅጉ ቀነሰ፤ ነገር ግን ከሥሩ ሌላ፣ ወፈር ያለ ድምፅ ብቅ አለ። ይህኛው 50 ኸርዝ ነበር። የቱቦዎቹ ማሞቂያ በ6.3 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ስለሚሠራ ጥፋተኛው እርሱ ነው ብለን ወሰንን፤ ሁለት ከሰዓት በኋላም ሽቦዎቹን ስንጎነጉን አጠፋን። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በጣቷ እየጠቆመች «መምህር፣ ይቺ ዳዮድ እኮ ብቻዋን ናት» አለችን። ልክ ነበረች። ለኃይል ቱቦዎቹ መቆጣጠሪያ አሉታዊ ቮልቴጅ የሚሰጠው ትንሹ ዑደት በአንድ ዳዮድ ብቻ ስለሚሠራ የሞገዱን ግማሽ ይጥላል፤ ስለዚህም ግፊቱ በሰከንድ 50 ነው። የእርሱም ካፓሲተር ደርቆ ነበር። ዶክትሬት ሁልጊዜ ዓይን እንደማይሆን እዚህ ላይ ብንመሰክር አናፍርም።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይቀር ነበር። ሁለቱ የኃይል ቱቦዎች በመውጫው ትራንስፎርመር ጫፍና ጫፍ ቆመው እንደ ገመድ ጉተታ ስለሚሳሳቡ፣ በሁለቱም ላይ እኩል የሚደርስ መዋዠቅ መጠፋፋት ነበረበት። አልተጠፋፋም። ስንለካቸው አንደኛው ቱቦ አርጅቶ ኖሮ ከጓደኛው በጣም ያነሰ ኮረንቲ ያሳልፍ ነበር። በተመጣጠነ ጥንድ ስንተካቸው ዝምታ ሆነ።

እንግዳችን ሊረከቡ በመጡ ዕለት ጥቂት ተጫውተው ረኩና «እንግዲህ ማይክራፎኑም ከንፈሬን አይነክሰኝም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ደነገጥን። ባለ ሁለት እግሩን ስፒና አይተነው ነበር፤ ያዳመጥነው ግን ጉርምርምታውን ብቻ ነበር።

በዚያ ዘመን ማጉያዎች እንደተለመደው፣ በመስመሩና በብረት አካሉ መካከል 0.05 ማይክሮ ፋራድ የሆነ ካፓሲተር ተበይዷል፤ የተቀመጠውም ጉርምርምታን እንዲቀንስ ነው። 220ውን ወደ 110 የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ደግሞ አንድ ጥቅል ብቻ ያለው ዓይነት በመሆኑ፣ ስፒናው ተገልብጦ ሲሰካ የማጉያው አንደኛው ሽቦ ከመሬት አንጻር በሙሉ 220 ቮልት ላይ ይቆማል። በካፓሲተሩ በኩል እስከ 3.5 ሚሊ አምፔር ሊያልፍ ይችላል፤ ሰው ደግሞ አንድ ሚሊ አምፔር ገደማ ሲያልፍበት ይሰማዋል። ክሩን በእጃቸው ይዘው ኧርዝ ያለውን ማይክራፎን በከንፈራቸው ሲነኩ ዑደቱን የሚዘጉት ራሳቸው ነበሩ። ያ ያረጀ ካፓሲተር አንድ ቀን ቢበሳ ኖሮ ኮረንቲውን የሚገድበው የእርሳቸው ሰውነት ብቻ ይሆን ነበር። የኧርዝ ሽቦ መቁረጥ ጉርምርምታ ያጠፋል የሚል ምክር እዚህም እዚያም ይሰማል። በእኛ አስተያየት ይህ ምክር ወንጀል ነው።

ካፓሲተሩን ቆርጠን ጣልነው፤ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ገጠምን፤ ኧርዙን ከብረት አካሉ ጋር በጥብቅ አሰርነው፤ ባለ አንድ ጥቅሉን ትራንስፎርመርም ጥቅሎቹ በተለያዩ ሌላ ተካነው። ከዚያም የሚጫወቱበት ቤት ሶኬት ኧርዝ እንዳለው ጠየቅናቸው። ሳቅ አሉና «ሁለት ቀዳዳ ነው ያለው» አሉን። የቤቱ ባለቤት የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስጠርቶ ኧርዝ እስኪያስገባ ድረስ ማጉያው ከቤተ ሙከራችን አልወጣም። ሦስት ሳምንት ፈጀ።