በወፍ ዋሻ ደን የሚደረግ የነፍሳት ትዝብት ጉዞ

መግቢያ

ደንና ነፍሳትን ለማየት በባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ተሰባስበው ወደ አንኮበር የሚመጡ ክበቦች አስጎብኚ ሲሹ፣ የልማት ሠራተኛው ዕድሉን ሊጠቀምበት ይገባል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትም አብረው ቢሄዱ፣ የተፈጥሮ ደንንና በማኅበር የተተከለ የፈረንጅ ጥድን በአንድ ቀን ለማነጻጸር ይችላሉ። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ደኑና ነፍሳቱ

ወፍ ዋሻ በአንኮበር፣ በባሶና ወራናና በጣርማ በር ወረዳዎች የሚገኝ ጥንታዊ ደን ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚሁ በመጣ የጥድ ዘር ነው ተብሎ ይነገራል። በደኑ ውስጥ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ተደባልቀው ይበቅላሉ፤ ከፍ ሲል ደግሞ አስታ ይተካል። የዛፉ ዓይነት ብዙ ስለ ሆነ አንዱን ዛፍ የሚያጠቃ ተባይ በቀላሉ አይዛመትም። ተባይ የሚበሉ ጥንዚዛዎች፣ ሸረሪቶችና ተርቦችም ዓመቱን ሙሉ ምግብና መጠለያ ያገኛሉ። የወደቀ ግንድ የሚበሉ ነፍሳት እንጨቱን ወደ አፈርነት ስለሚመልሱ ጠላት አይደሉም።

የፈረንጅ ጥድ ክሽክሽ

ይህ ነፍሳ ከገብስ ክሽክሽ ጋር ይዛመዳል፤ መልኩ ቡናማ፣ ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ፣ በ1990 በኬንያ ታየ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በአገራችን ተገኘ። በቀንበጥ ላይ ተሰብስቦ ጭማቂ ሲመጥ በምራቁ ያለው መርዝ ቅርንጫፉን ያደርቃል። እንስቷ ያለ ወንድ ስለምትራባ ቁጥሩ ቶሎ ይበዛል፤ ከባድ ዝናብ ግን ይቀንሰዋል። የአገር ጥድንም ሊያጠቃ ይችላል።

በጉዞው ጊዜ የሚደረግ

1. መኪናዎች ከመንገድ እንዳይወጡ። ጎማ አፈሩን ይጠቀጥቃል፤ ቡቃያንና በቅጠል ብስባሽ ውስጥ ያሉትን ነፍሳት ያጠፋል።

2. ከቅርንጫፍ ሥር ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ቅርንጫፉን በዱላ ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግና የወደቁትን ነፍሳት መቁጠር። በደኑ ጥድና በተተከለው የፈረንጅ ጥድ ላይ እኩል ቁጥር ባላቸው ዛፎች ይደገም።

3. የሚያጣብቅ ማር መሰል ፈሳሽ፣ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታና በቅርንጫፍ ላይ የሚመላለሱ ጉንዳኖች መኖራቸውን ማየት። ቅርንጫፉ ደርቆ እነዚህም ክሽክሹም ከሌሉ፣ ምክንያቱ ውርጭ ወይም ድርቅ ሊሆን ይችላል።

4. ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዛፉን ዓይነትና ቁጥሩን መመዝገብ።

5. ከመነሳት በፊት ልብስንና መኪናን ማራገፍ፤ የጥድ ቅርንጫፍም ሆነ ችግኝ ይዞ አለመሄድ።

ለማኅበራት የምንሰጠው ምክር

ዛፉ ቀላ ብሎ ስለታየ ብቻ ፀረ ተባይ መድኃኒት አይረጭ። መድኃኒቱ ለረጅም ዛፍ አይዳረስም፤ ንብንና ክሽክሹን የሚበሉትን ነፍሳት ግን ይፈጃል። ቀፎ ያለው አባል ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በማላዊና በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ክሽክሹን የምታጠቃ ፓውዜያ የተባለች ትንሽ ተርብ ተለቃ ጠቅማለች። እንዲህ ያለው ሥራ በተመራማሪዎች ብቻ የሚከናወን ነው፤ የማኅበሩ ድርሻ በቦታው ያሉትን ጠቃሚ ነፍሳት መጠበቅ ነው።

ከፊሉ ብቻ የደረቀ ዛፍ ሊያገግም ስለሚችል በችኮላ አይቆረጥ። ፈጽሞ የደረቀው ከማኅበሩ ተከላ ላይ በውሳኔ ሊነሣ ይችላል፤ በቦታው የፈረንጅ ጥድ ብቻ ከመድገም ኮሶ፣ ወይራና ዝግባ እያፈራረቁ መትከል ይሻላል። ችግኝም ከጣቢያ ከመውጣቱ በፊት ቀንበጡ ይመርመር።

የተመዘገበው ቁጥር ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማእከል ይድረስ። በየዓመቱ በዚያው ወርና በእነዚያው ዛፎች ላይ ከተቆጠረ፣ ተባዩ መብዛቱን ወይም መቀነሱን ማኅበሩ ራሱ ያውቃል።