ለወጥ የሚሆን ቲማቲም በካራ፦ ከራስዎ ዘር ማምረት

ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው ቲማቲም ብዙው የሚመጣው ከመቂና ከባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ነው። እነዚህ ቦታዎች በግምት 1,650 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ካራ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ስለሚቀንስ የስምጥ ሸለቆው የመዝሪያ ጊዜ ለእኛ አይሆንም። «ካራ ላይ ቲማቲም አይበቅልም» የሚባለውም በአብዛኛው ያለጊዜው እየተዘራ ነው።

በአካባቢያችን ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ አለው። ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ከባዱ ዝናብ ምች የሚባለውን በሽታ ይዞ ይመጣል፤ ቅጠሉንም ፍሬውንም በጥቂት ቀን ያጠቁረዋል። በመሆኑም ዘሩን በታኅሣሥ አጋማሽ በችግኝ መደብ ወይም በሣጥን ይዝሩ። ማታ ማታ በላስቲክ ወይም በጆንያ ይሸፍኑት፣ ጠዋት ይግለጡት። ከ6 እስከ 7 ሳምንት የቆየውን ችግኝ በየካቲት መጀመሪያ ወደ ቋሚ ቦታው ያዛውሩ። በዚህ አካሄድ አበባው ሌሊቱ በሚሞቅበት በመጋቢትና በሚያዝያ ይወጣል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ አበባው ፍሬ ሳይዝ ሊረግፍ ይችላል። ፍሬው ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ይደርሳል።

ለወጥ ሥጋው ወፍራም፣ ውኃው ትንሽ የሆነ ዝርያ ይምረጡ። ሮማ ቪ ኤፍ ለዚህ የታወቀ ነው፤ ቁሌት ላይ ቶሎ ይጠብቃል፣ ከሰልም ይቆጥባል። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳም ጥሩ ናቸው። ማርግሎብ በ1925 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ የቆየ ዝርያ ሲሆን ክብና ውኃ ያለው ስለሆነ ለሰላጣ ይሻላል።

የእነዚህ ሁሉ ዘር ተቀምጦ በሚቀጥለው ዓመት ሲዘራ እናቱን ይመስላል። እንደ ጋሊሊያ ያለ ዲቃላ ግን ምርቱ ከፍ ቢልም ከፍሬው የሚወጣው ዘር የተዘበራረቀ ተክል ያበቅላል። ከገበያ ከተገዛ ቲማቲም ዘር እንዳያወጡ የምንመክረው ለዚህ ነው፤ ዲቃላ ይሁን አይሁን በዓይን አይለይም።

ዘር ሲመርጡ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ተክሉን ይዩ። ብዙ ሰው ትልቁን ፍሬ ይመርጣል። ለካራ ግን ትልቅነት ሳይሆን ቀድሞ መድረስ ነው የሚፈለገው። ቀድመው ያፈሩትን፣ በሽታ ያልነካቸውን አምስት ስድስት ተክሎች በጨርቅ ቁራጭ ምልክት ያድርጉባቸውና ከእያንዳንዳቸው አንድ ሁለት ፍሬ እስኪቀላ ድረስ ይተዉ። ቤተሰቡ ቀጥፎ እንዳይበላውም ይንገሩ!

ፍሬውን ቆርጠው ዘሩን ከነልጋጉ በብርጭቆ ይጭመቁ፣ ጥቂት ውኃ ጨምረው እንዲብላላ ይተዉት። ሞቃት ቦታ ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ በካራ ብርድ ግን ሦስት ወይም አራት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል ምድጃ አጠገብ ያስቀምጡት። በቀን አንዴ ያማስሉት። ሽታውና ከላይ የሚታየው ነጭ ሻጋታ አያሳስብዎ። ደህናው ዘር ወደ ታች ሲዘቅጥ ወዲያው ያጥቡት፤ ከቆየ እዚያው ይበቅላል። በሳህን ላይ በጥላ ያድርቁት፣ ወረቀት ላይ ከሆነ ይጣበቃል። ሲደርቅ የዝርያውን ስምና ዓመቱን ጽፈው ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ያስቀምጡ። ደረቅ ቦታ ከሆነ 3 ወይም 4 ዓመት ይቆያል።

ከመዝራትዎ በፊት 20 ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሞቅ ያለ ቦታ ለ10 ቀን ያቆዩ። 16 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ደህና ነው። ከ10 በታች ከሆነ ሌላ ዘር ይፈልጉ።

ለተከላ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ግድግዳ ሥር ቢሆን ይመረጣል፤ ግድግዳው የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ባለፈው ዓመት ድንች የነበረበትን መሬት ይተዉት፣ ምቹ የሁለቱም ነው። ከባሕር ዛፍም ይራቁ፤ ሥሩ ውኃውን ይሻማል። እንጨቱ ግን ለመደገፊያ ጥሩ ነው። በመስመሮች መካከል 1 ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ውኃ ጠዋት ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አያጠጡ።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠነክር ከታቹ መቅላት የጀመረውን ፍሬ ሁሉ ለቅመው ቤት ያስገቡ። በቅርጫት ውስጥ ጋዜጣ ሸፍነው ካስቀመጡት በራሱ ይቀላል።