ለአሮጌው ቶርኖ የትኛው ዘይት ይሻላል?

ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ይሞቃል። ሲሞቅ ይበላል። ዘይት ግን በሁለቱ ብረቶች መካከል ገብቶ እንዳይነካኩ ያደርጋል።

በየከተማው ባሉ ቶርኖ ቤቶች ያረጁ ማሽኖች ዛሬም ብረት ይቆርጣሉ። የአሮጌ ማሽን መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም። ቶርኖው ከቆመ የባለሙያውም የረዳቱም እንጀራ ይቆማል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

«ማሽኑ አርጅቷል፤ ወፍራም ዘይት ይሻለዋል» የሚሉ አሉ። ሁልጊዜ እውነት ነው? አይደለም። ወፍራም ዘይት በጠባብ ክፍተት ቶሎ አይገባም። ፈጥኖ የሚዞር ዘንግ ዘይቱ ሲወፍርበት ይሞቃል። በዝግታ የሚሄድና ብዙ የሚሸከም ክፍል ደግሞ ቀጭን ዘይት አይበቃውም፤ ዘይቱ ተጨምቆ ይወጣል።

ቁጥሩን እናንብብ

በማሽን ዘይት ቆርቆሮ ላይ 32፣ 46፣ 68 ወይም 100 የሚል ቁጥር አለ። መለኪያው አይ.ኤስ.ኦ. ይባላል። የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ዘይቱ ይወፍራል። ብዙ ጊዜ ለፈጣኑ ዘንግ 32፣ መሣሪያው ለሚንሸራተትበት ሀዲድ 68 ይታዘዛል።

በሞተር ዘይት ቆርቆሮ ላይ ግን ሌላ መለኪያ አለ። ኤስ.ኤ.ኢ. ይባላል። ታዲያ 30 ቁጥር የሞተር ዘይት ከ32 ቁጥር የማሽን ዘይት ጋር ይቀራረባል? ቁጥሩ ይቀራረባል፤ ዘይቱ ግን አይቀራረብም። 30 ቁጥር የሞተር ዘይት በማሽን ዘይት መለኪያ 100 ገደማ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ያለውንም ፊደል እዩ። ፊደሉ የላቲን ነው። ካላወቃችሁት ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከእነዚህ እንጠንቀቅ

1. የሞተር ዘይት። ቆሻሻውን ይዞ ወደ ፊልትሮ እንዲወስድ የተሠራ ነው። ብዙ አሮጌ ቶርኖ ፊልትሮ የለውም። ቆሻሻው ከዘይቱ ጋር ይዞራል።

2. የካምቢዮ ዘይት። አንዳንዱ ድኝ ያለበት ቅመም አለው። ሲሞቅ ነሐስ ይበላል። በአሮጌ ማሽን ውስጥ ደግሞ የነሐስ ክፍል ብዙ ነው።

3. የተቃጠለ ዘይት። ጥላሸትና የብረት ብናኝ አለበት። ማሽኑን ይሞርዳል፤ ቆዳንም ይጎዳል።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ በማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፈልጉ። ማሽኑ ከ1975 በፊት የተሠራ ከሆነ አዲሱ ቁጥር ላይኖርበት ይችላል። ያን ጊዜ ሦስት ነገር ለባለሙያ ንገሩ፦ ዘንጉ ምን ያህል ይፈጥናል? ምን ያህል ይሸከማል? ውስጡ ነሐስ አለ?

ዘይት ስትቀይሩ ማሽኑን አጥፉ። አሮጌውን ዘይት አፍስሱ። የዘይቱን ቀዳዳ ጥረጉ። ሁለት ዓይነት ዘይት አትቀላቅሉ።

ከዚያ በኋላ የዘይቱን ስም፣ ቁጥሩንና ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉ። ነገ ተረኛው ሠራተኛ ሲመጣ በግምት አይሞላም፤ አንብቦ ይሞላል።

ጥያቄ

ከ46 እና ከ68 ቁጥር የማሽን ዘይት የትኛው ይወፍራል? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።